ማይኩን ከመለወጥህ በፊት አዙረው

አብሽር ወንድሜ። «ደሴ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ፖድካስት ጀምረናል፤ ማይካችን ብሉ የቲ ነው፤ ድምፃችን ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፤ ሽጠን የሬዲዮ ጣቢያ ዓይነቱን እንግዛ?» ላልከው፣ አትሽጥ። ጥፋቱ የማይኩ አይደለም።

1. በየት በኩል ነው የምታወሩበት? የቲ እንደ ሰርግ ቤት ማይክ በአናቱ አይወራበትም። ቀጥ ብሎ ይቆምና በጎኑ ነው የሚሰማው፤ ምልክቱ የተጻፈበት ፊቱ ወደ አፍ ይዞራል። አናቱን ወደ አፋችሁ አጋድማችሁት ከሆነ ግማሹ ችግር እሱ ነው።

2. ከኋላው ያለው የአቅጣጫ መምረጫ። የልብ ቅርጽ ያለው ካርዲዮይድ ነው፤ ለአንድ ሰው ነው፣ ከፊት ይሰማል፣ ከኋላ ይደነቁራል። ስለዚህ ብቻህን ስትቀዳ የማይኩን ጀርባ ለባጃጁ መንገድ ስጠው። ሁለት ሆናችሁ ፊት ለፊት ከተቀመጣችሁ የ8 ቁጥር ቅርጽ ያለውን ምረጡ፤ ማይኩ መሃል ይሁን፣ ፊቱ ለአንዱ፣ ጀርባው ለሌላው። ያኔ የሚደነቁረው በግራና በቀኝ ጎኑ ስለሆነ የሚጮኸውን ነገር ወደዚያ አድርጉት። ሰፊ ጠረጴዛ አትፈልጉ፤ የረከቦት ስፋት ያለው ይበቃል። ክቡ ምልክት ዙሪያውን እኩል ይሰማል፤ መንዙማ ከነተቀባዩ ለመቅዳት ጥሩ ነው፣ ግን የማይኩን የድምፅ ልክ በድቤው ውሰዱ እንጂ በአውጪው ድምፅ አትውሰዱ።

3. ጌይን። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጌይን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ ማይኩ ምን ያህል ስስ ጆሮ ይኑረው የሚለውን ነው የሚወስነው። ከፊት ያለው ማዞሪያ ደግሞ የሄድፎን ብቻ ነው፤ የሚቀዳውን አይነካም። በሄድፎን ድምፅህ ሲያንስብህ ጌይኑን ወደ ላይ ታዞራለህ፣ ያኔ ማይኩ የግድግዳውን ማስተጋባት፣ የፍሪጁን፣ የጎረቤቱን ቴሌቪዥን ሁሉ ይለቅማል። ጉድጓዱ ያ ነው። ከአፍህ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር የራስህ ድምፅ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ይወርዳል፤ ከግድግዳ የሚመለሰው ግን ያው ነው። መድኃኒቱ መቅረብ ነው፦ ብቻህን ስትሆን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ከአፍህ ትንሽ ወደ ጎን ብሎ፣ «ጰ» እና «ፐ» እንዳይፈነዱበት። ከዚያ ጌይኑን እስከ መጨረሻ ቀንስ፣ እንደምትስቀው ጮክ ብለህ ሳቅ፣ ቀስ እያልክ ጨምር። ኦቢኤስ በሚባለው የመቅጃ ሶፍትዌር የድምፅ መለኪያ ላይ ንግግርህ ቢጫው ውስጥ ይግባ፤ ቀዩ ውስጥ አይዋል። አንሶ የተቀዳ በኋላ ይጨመራል፤ ተቀዶ የተሰነጠቀ ድምፅ ግን በየትኛውም ሶፍትዌር በወጉ አይመለስም።

የሚውት (ድምፅ ማፈኛ) ቁልፉን ነገር ሳልረሳው፦ የቲ ላይ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ታፍኗል ማለት ነው፣ ዝም ብሎ ከበራ እየሰማ ነው። ሃይፐርኤክስ ኳድካስት የሚባለውን ሌላ ማይክ የምትበደሩ ከሆነ ግን እዚያ መብራቱ ሲጠፋ ነው የሚታፈነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ባዶ ፋይል የሚቀዳው በዚህ ነው።

የሬዲዮ ጣቢያ ዓይነት ያልከው ሹር ኤስኤም7ቢ ከሆነ፣ ዩኤስቢ የለውም። ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ማለትም ማይኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ሳጥን ይፈልጋል፤ ያውም 60 ዴሲቤል ያህል ጌይን የሚሰጥ፣ ርካሾቹ እዚያ ሳይደርሱ መንሿሿት ይጀምራሉ። ሻጭ ይህን አይነግርህም፤ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ማይኩን ብቻ ጠቅልሎ ይሸኝሃል፣ ቤት ስትደርስ የሚሰካበት ቀዳዳ የለም። እንዲህ ያለ ሻጭ ያናድደኛል። የግድ መለወጥ ካማረህ የሹር ኤምቪ7 ሁለቱም መሰኪያ አለው፤ የዩኤስቢም የኢንተርፌስም።

ኬብልም እንደዚሁ ነው። የድሮው የቲ ሚኒ ዩኤስቢ ነው የሚወስደው፣ የድሮ ካሜራዎች ላይ የነበረው። ከሱቅ የምትገዛው ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ከሆነ ማይኩ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። ማይኩ ተበላሸ ብለህ አትሩጥ፣ ኬብል ቀይር።

4. ክፍሉ። ከጀርባችሁ ባለው ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ ላይ ፍራሽ አቁሙ ወይም ጋቢ አጥፋችሁ ስቀሉ፤ ጠረጴዛው ላይም ወፍራም ጨርቅ አንጥፉ። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ግን ጋቢም ካርዲዮይድም አያድናችሁም፤ ከሰዓት ከመድረሱ በፊት በጠዋት ቅዱ።