አሮጌውን የሌክሲንግተን ካርታ ከሐዲዱ ጀምረው ያንብቡት

በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት ውስጥ የሚኖሩባትን የሌክሲንግተንን አሮጌ የመልክዓ ምድር ካርታ አግኝተው «ከየት ልጀምር? ወንዙስ ለምን ከዛሬው ጋር አይገጥምም?» ላሉት ወንድማችን፦

በዚያ ሸለቆ ለዓመታት የጭነት መኪና ነድቻለሁ፤ ካርታዎቹንም እሰበስባለሁ። ዓይንዎን መጀመሪያ ሐዲዱ ላይ ያሳርፉ። ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ በ1866 እ.ኤ.አ. የፕላትን ወንዝ ተከትሎ ወደ ምዕራብ ሲገሰግስ ከተሞቹ ከኋላው በቀሉ። ድሬዳዋ ላደግን ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የቀዚራን ቀጥ ያሉ መንገዶች ያመጣው ባቡሩ ነው። ከተማዎ እስከ 1889 ፕለም ክሪክ ትባል እንደነበርም ያስታውሱ።

ወንዙን በተመለከተ ካርታው አልተሳሳተም። የጥንቱ ፕላት እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ነበር፤ ሰፊ፣ ጥልቀት የሌለው፣ በአሸዋና በደሴት የተከፋፈለ። በየዓመቱ የሚመጣው ጎርፍ አሸዋው ላይ የበቀለውን ችግኝ ጠራርጎ ይወስደው ነበር። ከዚያ ከላይ በኩል ግድቦች ተሠሩ፤ ፓዝፋይንደር በ1909፣ ኪንግስሊ በ1941። የመስኖ ቦዮችም ውኃውን ተሻሙት። ጎርፉ ሲደክም ዛፉ ሥር ሰደደ፣ ወንዙም ጠበበ። አንድ ቀን ከከተማው በስተደቡብ ካርታው ውኃ ብሎ በሰማያዊ ባሳየው ቦታ ላይ ቆሜ ነበር። እግሬ ሥር ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፤ ፊት ለፊቴ በሁለት እጄ አቅፌ የማልጨርሰው ኮተንውድ የሚባል ዛፍ ግንድ ቆሟል። ካርታውን አጥፌ ብዙ ደቂቃ ዝም ብዬ አየሁት።

ቡናማዎቹ የከፍታ መስመሮች ሸለቆው ውስጥ ቢሳሱብዎት አይገረሙ፤ መሬቱ ሜዳ ነው። ወደ ሰሜን ኮረብታዎቹ ሲደርሱ ይጠጋጋሉ።

ዓመቱን ግን አደራ! በኅዳጉ ላይ የቅየሳው ዓመትና የዳግም ኅትመቱ ዓመት ለየብቻ ሊጻፉ ይችላሉ። እኔ የኋለኛውን ይዤ ካርታው ላይ ያለ የገጠር ትምህርት ቤት ስፈልግ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ፤ ሕንፃው ካርታው ዳግም ከመታተሙ በፊት ፈርሶ ኖሯል።

ከዛሬው ካርታ ጋር ሲያስተያዩ በወንዙ ዳርቻ አይመኑ። መሬቱ ጎኑ አንድ ማይል በሆነ፣ 640 ኤከር በሚይዝ አራት ማዕዘን ተሸንሽኗል፤ ብዙዎቹ የገጠር መንገዶችም ያንኑ ወሰን ይከተላሉ። ከሐዲዱ በስተሰሜን ሁለት፣ በስተደቡብ ሁለት መስቀለኛ መንገዶችን መርጠው በእነሱ ያጋጥሙት። የአሜሪካ ጂኦሎጂ ቅየሳ ተቋም ከ1884 ጀምሮ ያሳተማቸውን ካርታዎች በነፃ ያቀርባል፤ የከተማዎን የተለያዩ ዘመናት እትሞች አውርደው ጎን ለጎን ይዘርጓቸው።