ሳንድ ፓች ላይ ፍሬኑ የሚያልቅብህ ለዚህ ነው

በባቡር መንዳት የኮምፒውተር ጨዋታው፣ ሳንድ ፓች ግሬድ በሚባለው ተራራማ የአሜሪካ መስመር ላይ ወደ ከምበርላንድ ከተማ ስትወርድ የጭነት ባቡሩ ለምን እንደሚያመልጥህ ነው የጠየቅከው። ፍሬኑን እየያዝክ እየለቀቅክ ስለሆነ ነው። የአሜሪካ ጭነት ባቡር የአየር ፍሬን በከፊል አይለቀቅም፤ ትንሽ ላላላው ስትል ሙሉ በሙሉ ይለቃል። በየፉርጎው ያለው አየር እስኪሞላ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል፣ ሳይሞላ ደጋግመህ ከያዝክ በመጨረሻ ባዶ እጅህን ትቀራለህ።

1. የዳገቱን ጫፍ ሳታልፍ ፍጥነትህን ከተፈቀደው በታች አውርድ።
2. መጀመሪያ ዳይናሚክ ብሬኩን (የሎኮሞቲቩ ሞተሮች ራሳቸው ባቡሩን የሚያዘገዩበትን ፍሬን) አስገባ።
3. ከዚያ በፍሬኑ ቱቦ ያለውን የአየር ግፊት ከ6 እስከ 8 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ቀንሰህ የአየር ፍሬኑን ያዝና አትነካካው። ፍጥነቱን በዳይናሚኩ ብቻ አስተካክል።

አሁንም ካመለጠህ አታመንታ፣ ኢመርጀንሲውን (የድንገተኛ ፍሬኑን) ሳብ።

«ሌላ የአሜሪካ መስመር ልግዛ ወይ?» ላልከው፣ እኔ እወዳቸዋለሁ፤ ከኋላህ አንድ ማይል የሚሆን ፉርጎ እየጎተትክ ዳገት ስትወጣ የሚሰማህን ነገር የአውሮፓ የመንገደኛ ባቡር አይሰጥህም፣ እዚያ በር ከፍተህ በር ትዘጋለህ። ግን ከመግዛትህ በፊት የመስመሩን ርዝመትና ስንት ዓይነት ባቡር እንዳለው እይ። እኔ አንዱን በፎቶው ብቻ ተታልዬ ገዝቼ ነጠላ ሐዲድ ላይ የሚመጣውን ባቡር ለማሳለፍ ቀይ መብራት ስር ሃያ ደቂቃ ተገትሬያለሁ፣ ቡና አፍልቼ ስመለስ እንኳን አረንጓዴው አልበራም ነበር። ያለፈውም ባቡር ያው እኔ የምነዳው ዓይነት ሎኮሞቲቭ ነው።