ውሻ ይዞ በቀሃ ሸለቆ

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ውሻዬን ይዤ የቀሃን ወንዝ ሸለቆ ተከትለን በእግር ለመንሸራሸር አስበናል። ምን ልንጠነቀቅ ይገባል? (ከጎንደር)

መልስ፦ ለጥምቀት የፋሲል መዋኛን የሚሞላው ቀሃ፣ ክረምቱ ወጥቶ አፈሩ ሲጠነክር ለእንዲህ ያለው ሽርሽር ተስማሚ ነው፤ በክረምት ግን እናንተ ባላችሁበት ሰማዩ ብሩህ ሆኖ ሳለ ከላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ውሃ ሊያመጣ ስለሚችል ወደ ሸለቆው ባትወርዱ ይመረጣል። ውሻ እንደ ሰው በላብ ሳይሆን በአብዛኛው በማለክለክ ሰውነቱን ስለሚያቀዘቅዝ ማልዳችሁ ውጡ። ምላሱን አርዝሞ አውጥቶ ለሃጩ ከወፈረና እግሩ ከተብረከረከ ጥላ ሥር አስተኝታችሁ ሆዱንና መዳፎቹን በውሃ አርጥቡለት።

ከሁሉ የሚብሰው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ክትባቱ ካልታደሰ ጉዞውን አዘግዩት፤ የእረኛ ውሾች ባሉበትም ማሰሪያውን አትልቀቁ (ባለቤቱ «የኔው አይናከስም» ማለቱ ዋስትና አይሆንም)። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ሌላ ጊዜ ወደ አንገረብ ብትሄዱ፣ ግድቡ የከተማው የመጠጥ ውሃ ምንጭ በመሆኑ ውሻው እንዳይገባበት ከልክሉት።