የዚህ ሳምንት ሙቀት፦ ሌሊቱን ተመልከቱ

ጁን ገባ፣ ላስ ቬጋስም ምጣድ ሆነች። ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ስለ ሙቀት ናቸው፣ አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ታክሲ ነው የምነዳው። ስልኬ ላይ ሰኞ 98 ፋራናይት ይላል፣ ከዛ ሁለት ሁለት እየጨመረ ይሄድና ቅዳሜ 108። ደመና የለ ዝናብ የለ፣ ሰማዩ ምንም ሳይለወጥ እንዴት ነው በየቀኑ የሚጨምረው? ወደ ማታ ሺፍት ልቀይር ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሚጨምረው እኮ ምንም ስለማይለወጥ ነው። በላያችን ሃይ ፕሬዠር የሚሉት ከፍተኛ የአየር ግፊት ተኝቷል፣ አየሩን ከላይ ወደ ታች ይጫነዋል፣ አየር ደግሞ ሲወርድና ሲታመቅ ይሞቃል፣ ደመና እንዲሰራም አይፈቅድም። በዛ ላይ ጁን 21 ገደማ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ስለሆነ አሁን ሌሊቱ አጭር ነው፣ አስፋልቱና ግንቡ ቀን የዋጡትን ሙቀት አውጥተው ሳይጨርሱ ይነጋል፣ የተረፈው ለነገ ይደመራል።

108 (42 ሴልሺየስ መሆኑ ነው) ለቬጋስ ብርቅ አይደለም፣ ጁላይ 7 ቀን 2024 120 ገብቶ የከተማው ሪከርድ ተሰብሯል። እኔ ግን ከትልቁ ቁጥር ስር በትንሹ የተጻፈችውን የሌሊቱን ነው የማየው። ሌሊት ወደ 70ዎቹ ከወረደ ሰውነት ያርፋል፣ 83 ላይ ከቀረ ግን ድካሙን ይዘህ ነው የምታድረው። የአሜሪካ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት፣ ናሽናል ዌዘር ሰርቪስ፣ ሂትሪስክ የሚለው ከአረንጓዴ (አደጋ የለም) እስከ ማጀንታ (የባሰው) በቀለም የተከፈለ ካርታ አለው፣ ሌሊቱንም ይቆጥራል፣ ሙቀቱ ለወቅቱ ምን ያህል ያልተለመደ እንደሆነም ያያል። ስለዚህ ያው 108 ዲግሪ አሁን በጁን መጀመሪያ ከኦገስት የባሰ ቀለም ቢያሳይህ አትገረም፣ ሰውነት ሙቀት ለመልመድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል።

ሺፍቱን በተመለከተ፣ ማታ በፈረንጅ 10 ሰዓት ላይም 95 ሊሆን ስለሚችል ብዙ አታተርፍም፣ ቀን የምትተኛበት ክፍል ኤሲው ደካማ ከሆነማ ጭራሽ ትከስራለህ። ይልቅ የመኪናህን ባትሪ አስፈትሽ፣ እዚህ አገር ባትሪ የሚገድለው ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነው። ኔቫዳ ከ2025 ጀምሮ አሰሪዎች ሰራተኛን ከሙቀት እንዲጠብቁ የሚያዝ ደንብ አላት፣ ኤሲው በደንብ የሚሰራ መኪና ውስጥ ያለ ሰው አይካተትም፣ ተቀጣሪ ከሆንክና ኤሲው ከተበላሸ ግን ቶሎ ማሰራት የአሰሪህ ግዴታ ነውና ዝም ብለህ አትንዳ።

ጥያቄ፦ እናቴ በቅርቡ ከአዲስ አበባ መጥታ ነው፣ የደም ግፊት አለባት። ኤሲ ስከፍት ብርድ ይመታኛል ትላለች፣ እኔ ስራ ስሄድ አጥፍታ መስኮቱን ሁሉ ትከፍተዋለች። የሰኔንም ጾም ይዛለች፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አትቀምስም። ስለምናት እኔ አገሬም ፀሐይ አለ ትለኛለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እማማ ያሉት ፀሐይ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለ የደጋ ፀሐይ ነው፣ አዲስ አበባ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲገባ ራሱ ሰው ያማርራል። እዚህ ያለንበት 600 ሜትር ገደማ ነው፣ የአየሩ እርጥበትም ከሰዓት በኋላ ከ10 በመቶ በታች ይወርዳል። ችግሩ ደግሞ ይሄ ድርቀት ደስ ማለቱ ነው፣ ላቡ ቆዳ ላይ ሳይታይ ስለሚተን አላላበኝም ትያለሽ ግን ውሃው እየወጣ ነው፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ጥማቱ እንኳ ቶሎ አይሰማውም። የግፊቷ መድኃኒት ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ከሆነ የባሰ ነው፣ ለሐኪሟ ደውለሽ ጠይቂ፣ በራስሽ ግን እንዳታስቆሚ።

ጾሙን ብዙ ሰው የቄስ ጾም ነው ብሎ ይተወዋል፣ እሳቸው መያዛቸው ያስመሰግናቸዋል፣ ግን ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ ቢሆንም ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ታዝናለች። አንቺ ብትነግሪያቸው አይሰሙሽም፣ የንስሐ አባታቸው ይንገሯቸው፣ ውሃው ቢፈቀድ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ኤሲውን 70 ላይ አታድርጊው፣ 78 ይበቃል፣ ወንበራቸውን ንፋሱ ከሚወርድበት አርቂና ነጠላቸውን ደርበው ይቀመጡ። መስኮት የሚከፈተው ውጪው ከውስጥ ሲቀዘቅዝ ነው፣ ይሄ በዚህ ሳምንት ከእኩለ ሌሊት በኋላ እስከ ንጋት ቢሆን ነው፣ ቀን ከተከፈተ እሳት ነው የሚገባው። እንዳይወጡ ደግሞ ምች ይመታዎታል በያቸው፣ ከዌዘር ሰርቪሱ ማስጠንቀቂያ ይልቅ እሱን ነው የሚፈሩት። ቤተ ክርስቲያን በጠዋት ይሂዱ፣ አስፋልቱ ከሰዓት በኋላ 160 ዲግሪ ፋራናይት ሊደርስ ስለሚችል መውደቅ ራሱ ያቃጥላል። ንግግራቸው ከተዘባረቀ ወይ ግራ ከተጋቡ ወዲያው 911፣ አምቡላንስ እስኪመጣ ሰውነታቸውን በውሃ አርጥቢ። እያስፈራራሁሽ አይደለም፣ በ2024 ቬጋስ ባለችበት በክላርክ ካውንቲ ከ500 በላይ ሰው በሙቀት ምክንያት ሞቷል፣ ቤታቸው ውስጥ የሞቱም አሉበት።

ጥያቄ፦ በረንዳ ላይ በርበሬ ባሰጣስ?

መልስ፦ አስጪ! ከዚህ የተሻለ ሳምንት አታገኚም፣ ጁን በቬጋስ ከዓመቱ ደረቁ ወር ነው። ንፋስ ሲነሳ ብቻ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጊበት፣ አቧራው አይጣል ነው። የእንጀራ ሊጡን ግን ውስጥ አስገቢው፣ ጋራዥ ውስጥ ካደረ ጠዋት ሆምጣጤ ነው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ከቤተሰብ ጋር ማውንት ቻርልስተን ተራራ ልንወጣ ነው፣ ከሰል ይዘን ቡና እናፈላለን ብለናል። እዛስ እንደዚህ ይሞቃል?

መልስ፦ አይሞቅም፣ ከከተማው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ይቀንሳል፣ እኛ 108 ስንል እዛ 80 ገደማ ነው፣ ልጆቹ ማታ ላይ ሹራብ ሊፈልጉ ይችላሉ። ከሰሉን ግን እርሱት። በዚህ ወቅት የእሳት ክልከላ የተለመደ ነው፣ ሳሩም ጥዱም ደርቋል፣ በጁላይ 2013 መብረቅ ያስነሳው እሳት እዛው ተራራ ላይ 28,000 ኤከር ገደማ በልቷል። የጋዝ ምድጃ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፣ ከመውጣታችሁ በፊት የጫካ አስተዳደሩን የዕለቱን ክልከላ አረጋግጡ። ቡናውን ቤት ቆልታችሁ ጀበናውን በጋዝ ጣዱት፣ ዕጣኑ ይቅር። በጠዋት ውጡ፣ ቅዳሜ ከተማው ሁሉ ወደዛው ስለሚሸሽ ፓርኪንግ ይጠፋል።