ከዋናዋ አሰልጣኝ ጎን ለምትቀመጡ

ልጆቼ፣

በአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች ቅርጫት ኳስ ረዳት አሰልጣኝ ሆኜ ከ20 ዓመት በላይ ሠራሁ። ዘመድ ባገኘኝ ቁጥር «ዋና የምትሆኚው መቼ ነው?» ይለኛል። ለእኔ አስቦ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሥራዬን ተራ መጠበቂያ ያደርገዋል። እናንተ እንደዚያ አድርጋችሁ እንዳትገቡበት ነው የምጽፍላችሁ።

ክሪስ ዴይሊ እ.ኤ.አ. በ1985 ከዋና አሰልጣኙ ከጂኖ ኦሪያማ ጋር ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ገባች። ቡድኑ እስከ 2025 ድረስ 12 ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆን አጠገቡ ነበረች። ሆሊ ዋርሊክ ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዋና አሰልጣኟ ለፓት ሰሚት 27 ዓመት ረዳት ሆና ሠርታለች። ዋና የሆነችው በ2012 ነው። እነዚህ ሴቶች ዕድሜያቸውን ተራ ሲጠብቁ አልጨረሱም።

ሥራው ምን መሰላችሁ? ተጋጣሚዎችን እንከፋፈላለን። የደረሰኝን ቡድን ጨዋታዎች ደጋግሜ አያለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ለተጫዋቾቹ አስረዳለሁ። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እያመሸሁ 11 ገጽ ጻፍኩ። በጣም ኮርቼበት ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀር አንዷ ተጋጣሚ ከግራ ጥግ ሦስት ነጥብ አገባችብንና ተሸነፍን። ከዚያ ጥግ እንደማትስት ጽፌ ነበር፣ 9ኛው ገጽ ላይ። ስትጠብቃት የነበረችው ልጃችን መልበሻ ክፍል ውስጥ ፎጣ ፊቷ ላይ ጥላ «ኮች፣ አላየሁትም» አለችኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ተጋጣሚ ሦስት መስመር ብቻ እጽፋለሁ። «ግራኝ ናት። ወደ ቀኝ ግፊያት። ጥግ ላይ አትልቀቂያት።» አንድ ሰው ስለ ጨዋታ ምን ያህል እንደሚያውቅ የሚለካው ልጅቷ ሮጣ ደክማ እያለ በምታስታውሰው ልክ ነው።

ልጆቹ የሆዳቸውን የሚነግሩት ለረዳቷ ነው። ከዋናዋ ጋር የተጣላች ልጅ በራችሁን ታንኳኳለች። ስሟት፤ አለቃችሁን ግን አትሟት። በሐሜት የተገኘ መወደድ ቡድን ይበትናል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከአለቃችሁ ጋር ካልተስማማችሁ ቢሮ ውስጥ በር ዘግታችሁ ተከራከሩ። ሜዳ ላይ ስትወጡ አንድ ቃል ይኑራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የዝውውር ፖርታል (ኮሌጅ መቀየር የምትፈልግ ተጫዋች ስሟን የምታስገባበት መዝገብ) ከመጣ ወዲህ ልጆች እንደ ድሮው አራት ዓመት ይቆያሉ ብሎ መተማመን ቀርቷል። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ በስማቸውና በምስላቸው፣ ለምሳሌ ከማስታወቂያ፣ ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ። ያግኙ፣ ይገባቸዋል። ልጅቷ የምትሄደው ሚያዝያ ላይ ቢሆንም ልቧ የሚሸፍተው ጥቅምት ላይ ነው። አንዷን ካፍቴሪያ ውስጥ ለሦስተኛ ቀን ብቻዋን እራት ስትበላ አየኋት። ስለ ኳስ ምንም አላነሳሁም። ማታ ጂም ከፍቼላት እሷ ስትወረውር እኔ ኳስ ስመልስላት ቆየን። ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው እናቷ መታመሟን የነገረችኝ። ከማናችንም ደብቃው ነበር።

ሥራው ዋስትና የለውም። ዋናዋ ስትባረር ረዳቶቹም አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ እኔም ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። ስለዚህ ሥራ ስትይዙ ስለ ከተማው ሳይሆን ስለ አለቃችሁ ጠይቁ።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች አንዲት ሀበሻ ልጅ «ተጫውቼ አላውቅም፣ ይቻላል?» ብላ ጽፋልኛለች። ይቻላል። ኮሌጅ ስትገቢ ቡድኑ ውስጥ በተማሪ ማናጀርነት ጀምሪ። ማሊያ ማጠብ፣ ውሃ መሙላት፣ ቪዲዮ መቅረጽና መቁረጥ አለበት። ለረዳት አሰልጣኞቹ አጭር ኢሜይል ላኪ፤ መሥራት የምትችይውንና ነጻ የምትሆኚበትን ሰዓት ጻፊ። መልስ ካልመጣ ሄደሽ በሩን አንኳኪ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቢሮው ውስጥ ሰው አይጠፋም።