ሳሎኑ ወለል ላይ ምን አይነት መስመር ላስቆርጥ?

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ቤት ሰርቼ ለሴራሚክ ብር አልተረፈኝም፣ ሊሾውን ቀለም አጠጥቼ መስመር ላስቆርጥበት ነው። ሳሎኑ 4 በ5 ነው፣ ባለቤቴ ትንንሽ ካሬ ትላለች እኔ ትልልቅ ሰያፍ፣ በሩ ጋ ደሞ ስንጥቅ አለ።

መልስ፦ ይቅርታ እህቴ፣ በዚህስ ከባልሽ ጋር ነኝ። 45 ዲግሪ ሰያፍ ክፍሉን ሰፋ ያደርገዋል፣ ትንንሹ ካሬ ሶፋና ምንጣፍ ሲገባ ግማሹ አይታይም፣ ለኮሪደር ይሁንሽ። ስንጥቁን ልሙላው ብትል ቀለሙ እኩል ስለማይዝለት ጠባሳ ሆኖ ይቀራል፣ ይልቅ አንዱን መስመር በሱ ላይ አሳልፈው። መጀመሪያ በቾክ ስለህ ሶፋውን አስገባና ሁለት ሶስት ቀን ኑሩበት፣ ግራይንደር የበላው አይመለስማ! ለጌጥ 3 ሚሊሜትር ጥልቀት ይበቃል። ቆርጠህ፣ አቧራውን ጠርገህ፣ ከዛ ቀለም።