እንዴት አልተነቃባቸውም? ስለ ተደበቁት አስማተኞች ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ፋንታዚ ልብወለድ ጠይቁኝ ባልኩ ማግስት የደረሱኝ መልእክቶች አብዛኞቹ ስለ አንድ ዓይነት ሕዝብ ናቸው። በእኛው ከተሞች፣ ከእኛው ግድግዳ ጀርባ ተደብቆ ስለሚኖር የአስማተኛ ሕዝብ። መንግሥት አለው፣ ባንክ አለው፣ ትምህርት ቤት አለው፣ እስር ቤት ሳይቀር አለው። እኛ ግን አንድ ቀን እንኳ ዓይናችን አይቶት አያውቅም። ምሳሌ ሲያስፈልገኝ ሃሪ ፖተርን እጠራለሁ፤ አብዛኞቻችሁ ያነበባችሁት ወይም በፊልም ያያችሁት እሱን ስለሆነ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ።

ጥያቄ፦ እኔ ለአንድ ጓደኛዬ የነገርኩት ነገር በሁለት ቀን ዞሮ እኔው ጋ ይመጣል። እነዚህ ሺዎች ሆነው እንዴት ነው ለዘመናት ምስጢር የጠበቁት?

በእኛ በተራ ሰዎች ሂሳብ ከሄድን አይጠብቁም። ዴቪድ ሮበርት ግራይምስ የሚባል የፊዚክስ ተመራማሪ 2016 ላይ ይህንኑ በቀመር አስልቶት ነበር። እውነት የነበሩና በመጨረሻ የተጋለጡ ሴራዎችን ወሰደ፤ ስንት ሰው ያውቃቸው እንደነበርና ስንት ዓመት እንደቆዩ አየ፤ ከዚያ ተነስቶ አንድ ሰው በዓመት ውስጥ አፉ የማምለጥ ዕድሉን ገመተ። ምስጢሩ አምስት ዓመት እንዲዘልቅ ከተፈለገ የሚያውቁት ሰዎች ከ2,521 መብለጥ የለባቸውም አለ። መቶ ዓመት እንዲዘልቅ ደግሞ ከ125 ማነስ አለባቸው።

እስቲ አስማተኞቹን እንቁጠር። ሃሪ በአስማት ትምህርት ቤቱ የሚተኛበት ክፍል ውስጥ አምስት ወንዶች አሉ። ሴቶቹም አምስት ይሁኑ። ትምህርት ቤቱ በአራት ቡድን የተከፈለ ነው፣ ስለዚህ በየዓመቱ ወደ 40 ልጅ ይገባል። ሁሉም መቶ ዓመት ቢኖሩ 4,000 ሰው ይሆናሉ። ደራሲዋ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ወደ 1,000 ተማሪ አለው ብላ ያውቃል፤ ትምህርቱ ሰባት ዓመት ስለሆነ በዚያ ሂሳብ ከ14,000 ያልፋሉ። የፈለጋችሁትን ውሰዱ፣ ከ125 ጋር ማወዳደሩ ፉገራ ነው። ሕጻናቱን ደግሞ አትርሱ። የስድስት ዓመት ልጅ መጥረጊያ ላይ ተቀምጦ ጣሪያ ለጣሪያ እየበረረ «እዩኝ! እዩኝ!» ሲል አስቡት።

ቀመሩ ግን የመጨረሻው ቃል አይደለም። ትልልቅ ምስጢሮች በእውነተኛው ዓለምም ተጠብቀው ያውቃሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ አቶሚክ ቦምብ ስትሠራ ከ100,000 በላይ ሰው አሰማርታ ነበር። ኦክ ሪጅ በሚባለው ከተማ ወጣት ሴቶች ቀኑን ሙሉ የመለኪያ ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው መርፌዋ ከቦታዋ ስትንሸራተት ቁልፍ እያዞሩ ይመልሷታል። ሥራቸው ይኸው ነው። ዩራኒየም እየለዩ እንደነበር ያወቁት ቦምቡ ከተጣለ በኋላ ነው። ብሪታንያም የጀርመንን የምስጢር መልእክት ይፈቱ የነበሩ ሺዎች ነበሯት፣ ብሌችሊ ፓርክ በሚባል ግቢ። እነዚህኞቹ ቢያንስ ከፊሉን ያውቃሉ፤ ግን ጦርነቱ ካለቀ በኋላም አፋቸውን ዘጉ፤ ነገሩ እዚያው አገር በግልጽ መወራት የጀመረው 1974 ላይ ነው።

እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ ማለት ነው። ሰውየው ምን እንደያዘ አያውቅም፣ ወይም ያውቃል ግን ዝም ማለት እንዳለበት ከልቡ ያምናል። አስማተኞች የመጀመሪያውን መጠቀም አይችሉም፣ እያንዳንዳቸው ምን እንደሆኑ ያውቃሉና። የቀራቸው እምነት ነው፣ እምነቱን የሚያጸናው ደግሞ ፍርሃት። በሃሪ ፖተር የምስጢር ሕጉ የሚጠቀሰው ከ1692 ጋር ነው። በዚያው ዓመት በእውነተኛው ዓለም፣ በአሜሪካዋ ሴለም፣ 19 ሰዎች ጠንቋይ ናችሁ ተብለው ተሰቅለዋል። ያንን ዓመት መምረጥ ብልህነት ነው፤ «ለምን ተደበቁ?» የሚለው ጥያቄ ገና ሳይነሳ ተመለሰ። በዚያ ላይ ትዳሩም፣ ሥራውም፣ ወዳጁም እዚያው ውስጥ ያለ ሰው ምስጢሩን ለማን ያወጣዋል? ይሄን ሁሉ ትቶ «ምስጢር ነው፣ በቃ» የሚል ልብወለድ ሲያጋጥመኝ ገጽ 30 ሳልደርስ አስቀምጠዋለሁ።

ጥያቄ፦ ዛሬ እኮ ሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ ካሜራ አለ። ድራጎን ከተማ ላይ ሲያልፍ አሥር ሺህ ቪዲዮ ይወጣል። ዘውጉ አልሞተም?

ይሄን ጥያቄ ስንቶቻችሁ እንደላካችሁት! የሃሪ የትምህርት ዘመን ከ1991 እስከ 1998 ባለው ጊዜ ነው፣ ካሜራ ያለው ስልክ በየኪሱ ሳይገባ፤ ስለዚህ እዚያ ችግሩ የለም። ዛሬ ላይ ለሚጽፍ ሰው ግን አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገረው።

1917 ላይ እንግሊዝ አገር፣ ኮቲንግሊ በምትባል መንደር፣ ሁለት የአክስትና የአጎት ልጆች ጅረት ዳር ፎቶ ተነሱ። አንደኛዋ 16፣ ሌላኛዋ 9 ዓመቷ ነው። ፎቶው ላይ ክንፍ ያላቸው ትንንሽ ፍጡራን ከትንሿ ልጅ ፊት ሲጨፍሩ ይታያል። ነገሩን ያመነው ማን መሰላችሁ? የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ፣ አርተር ኮናን ዶይል። 1920 ላይ በመጽሔት ጽፎ እውነት ነው ብሎ ተሟገተላቸው። ያንን ሁሉ መርማሪ የፈጠረ ጭንቅላት! ልጆቹ አርጅተው 1980ዎቹ ውስጥ ነው ያመኑት፦ ከወረቀት የተቆረጠ ሥዕል ነው፣ በባርኔጣ መርፌ አቁመነው ነው አሉ።

ያኔ የወረቀት ሥዕል እንደ እውነት ታመነ። ዛሬ የገዛ ዓይናችን ያየውን ቪዲዮ «በኤአይ የተሠራ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ስለዚህ እኔ ዘውጉ ሞቷል አልልም። እንዲያውም ለተደበቀ ሕዝብ እንዲህ የተመቸ ዘመን አልነበረም። ድራጎኑ ያልፋል፣ አሥር ሺህ ቪዲዮ ይወጣል፣ ከሥሩ አሥር ሺህ ሰው «ቀሽም ኤዲቲንግ» ብሎ ይጽፋል። የአስማተኞቹ መንግሥት ሠራተኛ ማድረግ ያለበት ነገር ቢኖር አሥራ አንደኛውን ሺህ፣ ሆን ተብሎ የተበላሸውን ቪዲዮ መልቀቅ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ተራ ሰው ድንገት አስማት ካየ ትውስታውን ይሰርዙታል። ይሄ ወንጀል አይደለም?

ነው። ደራሲዎቹም የሚያውቁት ይመስለኛል፣ ግን ቀልድ አድርገው ያሳልፉታል። በአራተኛው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ላይ አንድ የካምፕ ቦታ ጠባቂ አለ። አስማተኞች ለዋንጫ ጨዋታ መሬቱ ላይ ድንኳን ተክለዋል። ሰውየው እንግዳ ነገር ባየ ቁጥር ትውስታውን ያጠፉበታል፣ በቀን አሥር ጊዜ ያህል። ሌሊት ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ከነሚስቱ ከነልጆቹ አየር ላይ ሰቅለው ይጫወቱባቸዋል፤ ያንንም ይሰርዙለታል። ጠዋት ሃሪና አብረውት የመጡት ሲሰናበቱት ፈዝዞ «መልካም ገና» ይላቸዋል። ወሩ ነሐሴ ነው።

ስቄ አልፌው ነበር፣ በልጅነቴ። አሁን ሳነበው አያስቀኝም። ሰውየው ምንም አላጠፋም፣ ማንም ይቅርታ አልጠየቀውም፣ ሊከስም አይችልም፣ የሚከስበትን ነገር ወስደውበታልና። የድብቁ ዓለም ወጪ የት እንደሚሄድ ማየት የሚፈልግ ያንን ሰው ይመልከት። ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት ወደ ቤታቸው ሄደዋል፣ ሂሳቡን የከፈለው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ዘንግ አወዛውዘው ወርቅ መሥራት እየቻሉ ለምንድን ነው ድሃ የሚኖረው? የሃሪ ጓደኛ የሮን ቤተሰብ ነገር አይገባኝም።

እኔም መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። መልሱ የተበታተነ ነው። አንደኛ፣ ምግብ ከምንም መፍጠር አይቻልም የሚል ሕግ አለ። ካለህ ታበዛዋለህ፣ የት እንዳለ ካወቅህ ትጠራዋለህ፣ ከባዶ ግን አታመጣም። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ፍጡራን የሚበትኑት ወርቅ ከሰዓታት በኋላ ይጠፋል፤ ሐሰተኛ ብር ማለት ነው። ብረትን እውነተኛ ወርቅ የሚያደርግ ድንጋይ አለ፣ ግን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሰባት መጻሕፍት ካሉት ታሪክ በመጀመሪያው ላይ ይወድማል። ጎበዝ ደራሲ እንዲህ ነው በሮቹን የሚዘጋው፣ ሳይጮህ።

ገንዘባቸው ደግሞ ጉድ ነው። አንድ ጋሊየን 17 ሲክል፣ አንድ ሲክል 29 ነት። ማባዛት ለደከመው፦ ጋሊየኑ 493 ነት ይሆናል። 17ም 29ም ለምንም እኩል አይካፈሉም፣ ግማሽ ጋሊየን የሚባል ነገር በሳንቲም የለም። ሃሪ ዘንጉን የገዛው በ7 ጋሊየን ነው፣ ባለሱቁ መልስ እንዳይቆጥር ይመስለኛል። ቀልዱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የብሪታንያን የድሮ ገንዘብ ማየት ነው። እስከ 1971 ድረስ 12 ፔኒ አንድ ሺሊንግ፣ 20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ ነበር፣ 240 ፔኒ። ያ እንኳ ለግማሽም ለሲሶም ለሩብም ይመቻል።

ጥያቄ፦ የተራዎቹ መንግሥት ያውቃል ወይስ አያውቅም?

ሁለቱም ዓይነት ልብወለድ አለ። እኔ የምወደው አንድ ሰው ብቻ የሚያውቅበትን ነው። በስድስተኛው መጽሐፍ፣ 2005 የወጣው፣ የተራዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትር ቢሮ ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ሥዕል አለ። ሥዕሉ ያወራል፤ የአስማቱ ሚኒስትር ሊመጣ ነው ብሎ ያሳውቃል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊያስወርደው አናጺ ጠራ፣ ግንበኛ ጠራ፣ አልወርድም አለ። አገር የሚመራ ሰው ግድግዳው ላይ ያለችውን ሥዕል ማስነሳት አቃተው። ለማን ይናገራል? ለማንም፣ እብድ ይሉታላ። ስለ ሥልጣን ብዙ ገጽ ከመጻፍ ይቺ ሥዕል ትበልጣለች።

ጥያቄ፦ «ዊዛርድ»ን በአማርኛ ምን ልበለው? አስማት የሌለውን ሰው የሚጠሩበትን «መግል»ስ?

ጠንቋይ ስትል አንባቢው ዕጣ ፈንታውን የሚነግረውን ሰው ያስባል። መተተኛ ስትል ክፉ ሆነ። አስማተኛ ይሻላል፣ መድረክ ላይ ጥንቸል የሚያወጣውም ቢመጣብህ። ሁለተኛውን ግን ኧረ በፈጠረህ፣ በአማርኛ ቁስል ውስጥ ያለ ነገር ነው! «ተራ ሰው» በልና ገላግለን።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቷ ነው። መጽሐፉን ጨርሳ «እማዬ፣ ለምን የታመሙትን አያድኑም?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ልጅዎ ከብዙ ሃያሲ የተሻለ ጥያቄ ነው የጠየቀችው። በመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ሃሪ ለምን እንደሚደበቁ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ፣ ካወቁ ሁሉም ሰው ለችግሩ አስማት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ብንተው ይሻላል የሚል ነው። ለእሷ እንዲህ ብለው ቢያነቡላት ምን እንደምትል ገምቱ። «ቢፈልጉስ?» ትላለች። ትክክል ነች። የሆስፒታል ሠራተኛም ሰው ሁሉ ስለሚፈልገው በሩን አይዘጋም።

አንዳንድ ደራሲዎች አስማቱን ውድ በማድረግ ያመልጣሉ፦ አንዱን ለማዳን አንዱ ይታመማል፣ ወይም አዳኙ ዕድሜው ያጥራል። ይሄ ቢያንስ ሐቀኛ ነው። ሌሎቹ ዝም ይላሉ። እኔ ብሆን ለልጅዎ «መልስ የላቸውም፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» እላት ነበር። ደብተር ይስጧት። በመጽሐፉ ልጆች 11 ዓመት ሲሞላቸው ከአስማት ትምህርት ቤቱ የሚደርሳቸው ደብዳቤ ለእሷ ካልመጣም የማይከፋት ነገር ታገኛለች።

ጥያቄ፦ የራሴን የተደበቀ ማኅበረሰብ እየጻፍኩ ነው። 40 ገጽ ሆነ፣ ገና ሕጎቹን አላብራራሁም። ከየት ልጀምር?

40ውን ገጽ አስቀምጠው። አትጣለው፣ ላንተ ያስፈልጋል፣ ለአንባቢ ግን አይደለም። ድንበሩ ላይ የምትሠራ አንዲት ሴት ፈልግ። ሥራዋ ትውስታ መሰረዝ ይሁን። በቀን ስድስት ሰባት ሰው ትሰርዛለች፣ ፎርም ትሞላለች፣ አለቃዋ ፎርሙን ይመልስባታል፣ ቀኑን አጥፍተሻል ብሎ። ማታ ቤቷ ትገባለች። ባሏ ተራ ሰው ነው። ጫማዋን ስታወልቅ «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» ይላታል።

ምን ብላ ነው የምትመልስለት? ከዚህ በፊት እውነቱን ነግራው ታውቃለች? ስንት ጊዜ? የምትቆጥርበት ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አላት እንበል፣ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ፣ በየጊዜው አንድ ጭረት። ዛሬ ባሏ ቢላ ሲፈልግ መሳቢያውን ከፈተ።

እሱን ጽፈህ ላክልኝ።